ከስምንት ሜትር በታች

መረቡ ለአስራ አንደኛ ቀን ባዶውን ወጣ። እታለም የመጨረሻውን ጫፍ ስባ ጀልባዋ ውስጥ ስታስገባው፣ የታችኛው ግማሽ ጥቁር ልጋግ ተለጥፎበት አየች። በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተችው። የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። እጇን በሐይቁ ውሃ ደጋግማ ታጠበች፤ ሽታው ግን እስከ ቤቷ ተከትሏት ሄደ።

እታለም የወጣላት ስሟ አይደለም። ታናሽ ወንድሟ አፉን ሲፈታ «እህት ዓለም» ማለት አቅቶት እንደዚያ ሲጠራት ጎረቤቱም ዓሣ አጥማጁም ተቀብሎት የቀረ ነው። በዚህ ሐይቅ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት አጥምዳለች፤ መጀመሪያ ከባሏ ጋር፣ እሱ ካረፈ በኋላ ለብቻዋ። መረቧን የምትጥልበትን ጥልቅ ቦታ የማዶውን ረጅም ዛፍ ከውሃ ማማው ጋር አስተያይታ ታገኘዋለች፤ አንድም ቀን ስታ አታውቅም። «ዓሣ ጠፋ» የሚል ወሬ በየዓመቱ ትሰማለች። እንዲህ ግን ሆኖባት አያውቅም። ዓሣው ጓዙን ጠቅልሎ ከጥልቁ የወጣ ይመስል ነበር። ወጥቶ የት ሄደ?

ዓሣ ጠቋሚ መሣሪያ ለመግዛት የተነሳችው ይህን ጥያቄ ይዛ ነው።

ሐሳቧን መጀመሪያ የነገረችው ለወንድሟ ነበር። ወንድሟን ሰው ሁሉ «ባቡሩ» ይለዋል፤ ሲበላም፣ ሲያወራም፣ ሲሠራም ይጣደፋል። ማጥመዱን ከተወ ሦስት ዓመቱ ነው። ሐይቁ ወደ መሬት ገባ ባለበት ጥግ ላይ ስምንት ተንሳፋፊ የዓሣ በረቶች ሠርቷል፤ በበርሜሎች ላይ የቆመ የብረት ማዕቀፍ፣ ከሥሩ አምስት ሜትር የሚወርድ መረብ፣ መረቡ ውስጥ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ዓሣ። ጠዋትና ማታ መኖ ይበትንላቸዋል፤ ሲወፍሩ ነጋዴው በመኪና መጥቶ ይጭናል።

«ከገዛሽ አይቀር ደህናውን ግዢ» አላት ባቡሩ። «ባለ ቀለሙን፣ ካርታ ያለውን። ርካሹ ውሸታም ነው።»

«የደህናው ዋጋ ከጀልባዬ ይበልጣላ!»

«እንግዲያው ርካሹ ሲዋሽሽ እኔ ዘንድ መጥተሽ እንዳታለቅሺ» ብሎ ሳቀና ወደ መኖው ሮጠ።

የማጥመጃ ዕቃ የሚሸጡት ሽማግሌ ድሮ የጀልባ ሞተር መካኒክ ነበሩ። ሱቃቸው ጠባብ ናት። ከጣሪያ የተንጠለጠለው የመረብ ጥቅልል የገባውን ሰው ሁሉ አናቱን ይዳብሰዋል፤ መደርደሪያው ላይ የተንሳፋፊና የእርሳስ ሣጥኖች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሆዱ የተዘረገፈ ሞተር አለ። ሽማግሌው ሦስት መሣሪያ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡላት።

አንደኛው ብርቱካን የሚያህል ነጭ ኳስ ነው። «ይሄን ውሃ ላይ ትጥይዋለሽ፣ ያየውን በስልክሽ ይነግርሻል» አሉ። «ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው።»

«ታዲያ ምን ይወጣለታል፣ ጋሼ?»

«ቆይ እንጂ። እጅሽ እርጥብ ነው፣ ስልክሽ ያሙለጨልጫል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን በስልክ ስክሪን ምን ይታይሻል? የራስሽ ፊት። ሞተር አስነስተሽ ስትሄጂ ደግሞ ኳሱ ይዘላል፤ ያን ጊዜ የሚነግርሽ ሁሉ ቅዠት ነው። ዳር ቆሞ በዘንግ ለሚያጠምድ ሰው ሸጋ ዕቃ ነው። ላንቺ አይሆንም።»

ትልቁን፣ ባለ ቀለሙን፣ እሷው ራሷ ዋጋውን አይታ ወደ እሳቸው ገፋችው። «ይሄስ ይቅርብኝ፤ ዓይኔንም አላስለምደው።»

«ደግ አደረግሽ። ካርታ ይስላል፣ ግራና ቀኝ ያያል፤ አንቺ ሐይቁን እንደ ጓሮሽ እያወቅሽው ካርታ ምን ይሠራልሻል?» ካሉ በኋላ መሐል ላይ የቀረውን አነሱ። መዳፍ የሚያህል ስክሪን አለው፤ ጥቁርና ግራጫ ብቻ፣ አራት ቁልፍ። «ይሄ ከጀልባሽ ሥር ሆኖ ወደ ታች ድምፅ ይልካል። ድምፁ የነካውን ነገር ነክቶ ሲመለስ ምን ያህል እንደቆየ ይቆጥርና ይስልልሻል። ጥልቀቱ አስራ ስድስት ሜትር በማይሞላ ሐይቅ ከዚህ በላይ ጉልበት ያለው መሣሪያ መግዛት ብር ውሃ ውስጥ መጣል ነው። ፀሐይ ላይ ይነበባል፣ ውሃ አይገባውም፣ ሰፋ አድርጎ ያያል። በቃሽ።»

«ዓሣውን በምን አውቀዋለሁ?»

ሽማግሌው ቁልፍ ሲጫኑ ስክሪኑ ላይ ትንንሽ የዓሣ ሥዕሎች ብቅ አሉ። «እነዚህን ግን አጥፊልኝ። ቅርንጫፍም አየ አረፋም አየ፣ ‹ዓሣ ነው› ብሎ ይስላል፤ ገዢው ደስ እንዲለው ነው። ጥሬውን እዪ። ዓሣ ሲያልፍ እንደ ቅንድብ ጎበጥ ያለ መስመር ይሠራል።»

ትንሽ ተከራከረች፤ እሳቸውም ከዋጋው ላይ አልቀንስ ብለው ያገለገለ የሞተር ሳይክል ባትሪ መረቁላት። ካርቶኑን እያሰሩላት «ለመሆኑ እንዳንቺ ያለ አጥማጅ ይሄን ምን አስፈለገው?» አሏት።

«ዓሣው ከጥልቁ ጠፋብኝ። መረቤም መሽተት ጀምሯል።»

«ምን ምን ይሸታል?»

«የተበላሸ እንቁላል።»

የሽማግሌው እጅ ገመዱ ላይ ቆመ። ከዚያ ቋጠሮውን ጨረሱና ካርቶኑን ሰጧት። «የምታዪውን መጥተሽ ንገሪኝ» አሏት።

መግጠሙ ግማሽ ቀን ወሰደባት። ድምፅ የሚልከውን አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ ሞተሩ ከሚያስነሳው አረፋ ራቅ አድርጋ በጀልባዋ የኋላ ሳንቃ ላይ በብሎን አሰረቻት፤ ቀዳዳውን በሲሊኮን ደፈነች። ባትሪውን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ውስጥ አድርጋ ከመቀመጫዋ ሥር ሸጎጠችው።

በማግስቱ ጠዋት ስትወጣ ሐይቁ እንደ ዘይት ረግቶ ነበር። ነፋስ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ሰማዩም ውሃውም አንድ ዓይነት ነጣ ያለ ቀለም ይዘው ተፋጠዋል። መሣሪያውን አበራችው። ሁለት ሜትር አለ። ሦስት፣ አምስት። የሐይቁ ወለል ከስክሪኑ ግርጌ እንደ ጥቁር ጥልፍ እየተሳለ ይሄዳል። ከዚያ ቅንድቦቹ መጡ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ቀጥሎ መቁጠር እስኪያቅታት ተደራርበው። ብቻዋን ሳቀች። «እዚህ ነበራችሁ ለካ!» አለች ድምፅዋን አውጥታ።

ወደ ጥልቁ ስትገባ ሳቋ ቀረ። ስምንት ሜትር ላይ፣ ከወለሉ በጣም ከፍ ብሎ፣ እንደ ጭጋግ የደበዘዘ ሰረዝ ብቅ አለ። ቅንድቦቹ ሁሉ ከሰረዙ በላይ ናቸው። ከሰረዙ በታች እስከ ታችኛው ጭቃ ድረስ ምንም የለም፤ ዕቃው ወጥቶ የተጠረገ ክፍል ይመስላል። ሰረዙን ተከትላ እስከ ሐይቁ መሐል ሄደች። የትም ቦታ አልተቋረጠም።

ያን ቀን መረቧን አምስት ሜትር ላይ ጣለችና ጀልባዋ እስክትጎብጥ ጫነች። ወደቡ ላይ አጥማጆቹ ከበቧት። «እታለም አስማተኛ ቀጥራለች!» አለ አንዱ። «ምን አስማተኛ፣ ጠንቋይ በባትሪ ነው እንጂ» አለ ሌላው፤ ሁሉም ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። ቤቷ ገብታ መረቡን ስትዘረጋ ግን ነገሩ አልጥም አላት። ዓሣ ምን ቢያባርረው ነው ሁሉም ተያይዞ ወደ ላይ የወጣ?

በሳምንቱ ሰረዙ ሰባት ሜትር ላይ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ስድስት ተኩል። እታለም መሣሪያውን ነቅላ ወደ ሱቁ ይዛ ሄደች። «ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ጋሼ። ወለሉን ሁለት ቦታ ያሳየኛል፤ አንዱ ደግሞ በየቀኑ ከፍ ይላል።»

ሽማግሌው ሱቃቸውን ቆለፉና አብረዋት ወደ ወደቡ ወረዱ። መሣሪያውን ከጀልባዋ ጋር ካገናኙ በኋላ የሞተር ቁራጭ ብረት በየሜትሩ ቋጠሮ ባለበት ገመድ አስረው ወደ ውሃው ለቀቁት። ብረቱ ሲወርድ ስክሪኑ ላይ ቀጭን መስመር አብሮት ወረደ። ጭቃው ላይ ሲያርፍ ገመዱ አራት ቋጠሮና ትንሽ ሲል መሣሪያውም ያንኑ አለ።

«መሣሪያሽ ጤነኛ ነው» አሉ ሽማግሌው። ይህን ያሉት ደስ ብሏቸው አልነበረም።

«ታዲያ የማየው ምንድን ነው?»

ሽማግሌው እዚያው የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። በወጣትነታቸው በሌላ የግድብ ሐይቅ ላይ ሞተር ይጠግኑ ነበር። እዚያ ሙቀት ሲበረታና ነፋስ ሲጠፋ የታችኛው ውሃ ከላይኛው ጋር መቀላቀሉን ያቆማል። ወለሉ ላይ የሚበሰብሰው ነገር ሁሉ የውሃውን እስትንፋስ እየጠጣ ይጨርሰዋል። «ሰረዙ የዚያ ውሃ ጣሪያ ይመስለኛል። ከሥሩ አየር የለም፤ ዓሣውም አውቆት ሸሽቷል። እኔ ግን መካኒክ ነኝ እንጂ ምሁር አይደለሁም። አረጋግጪ። ሁለት ዓሣ በሽቦ ቅርጫት አድርገሽ አንዱን ከሰረዙ በላይ፣ አንዱን ከሰረዙ በታች ሩብ ሰዓት አቆዪያቸው።»

«ጣሪያው እየወጣ እየወጣ ከላይ ቢደርስስ?»

«እስከዚያም ላይቆይ ይችላል። ቀዝቃዛ ነፋስ አንድ ቀን በርትቶ ቢነፍስ ሐይቁ ይገለበጣል። የታቹ ወደ ላይ ይመጣል፤ በአንድ ጊዜ።»

በማግስቱ እንዳሏት አደረገች። ሁለት አንድ ዓይነት ዓሦች መርጣ፣ በሁለት ቅርጫት ከትታ አንዱን ሦስት ሜትር፣ ሌላውን አስር ሜትር አወረደች። የእጅ ሰዓቷን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሐይቁ ላይ ድምፅ የሚባል የለም። ወፎች እንኳ በዚያ ሳምንት ማዶ ማዶውን ነበር የሚውሉት። ሩብ ሰዓት ሲሞላ መጀመሪያ አጭሩን ገመድ ሳበች፤ ዓሣው ቅርጫቱን እየደበደበ ወጣ። ረጅሙን ሳበች። ዓሣው አፉን ከፍቶ፣ ስንጥቡን በልቅጦ፣ ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ወጣ። ገመዱ ከመሐሉ ጀምሮ ይሸታል።

ክው አለች። ሞተሩን አስነስታ በቀጥታ ወደ ወንድሟ በረቶች ነዳችው።

ባቡሩና ሚስቱ መኖ እየበተኑ ነበር። ሚስቱ ቁጥብ ሴት ናት፤ በረቶቹ የተሠሩበት ገንዘብ ግማሹ የእሷ የልብስ ስፌት ሥራ ያመጣው መሆኑን እንኳ አውርታው አታውቅም። በረቶቹ ውስጥ ውሃው ይፈላል፤ ዓሦቹ ከላይ ተጨናንቀው አፋቸውን ከውሃው ያወጣሉ።

«እዪያቸው እስቲ፣ እንዴት እንደተራቡ!» አለ ባቡሩ፤ አንድ ጣሳ መኖ ጨመረላቸው።

«አልተራቡም» አለች እታለም። «ትንፋሽ ነው ያጠራቸው።»

ጀልባዋን ወደ በረቶቹ አስጠግታ ስክሪኑን አዞረችለት። ስድስት ሜትር። የበረቶቹ መረብ የሚያልቀው አምስት ላይ ነው። ያየችውን ሁሉ ነገረችው፤ ሰረዙን፣ ብረቱን፣ ሁለቱን ዓሦች። የሞተውን ዓሣም አሳየችው። ባቡሩ ከልማዱ ውጪ ሳይቸኩል አዳመጣት፤ ይኼ ራሱ አስፈራት።

«ዓሣ አንገቱን አንቀሽ ብታንጠለጥዪው ይሞታል፤ ምን ይገርማል?»

«ሁለቱም በቅርጫት ነበሩ እኮ።»

«ነገርኩሽ! ርካሽ አትግዢ ብዬሻለሁ። ግራጫ ስክሪን ግራጫ ነገር ያሳያል።»

«መሣሪያው ተፈትሿል። ወንድሜ፣ ስማኝ። ከሥርህ ያለው የሦስት ዓመት መኖ ነው። የተረፈው ሁሉ እየወረደ ወለሉ ላይ ይበሰብሳል። ሰረዙም ከሁሉ ቦታ እዚህ ነው ከፍ ያለው።»

ይህንን ባትል ይሻል ነበር። የባቡሩ ፊት ጠቆረ። «እ! ሐይቁን የመረዝኩት እኔ ነኝ በይኛ! አንቺ መረብሽ ባዶ ሲሆን ጥፋተኛ ፈልገሽ እኔን አገኘሽ?»

«አውጥተህ ሽጣቸው ነው የምልህ። አሁን። ትንሽም ቢሆኑ።»

«መዳፍ አይሞሉም! ነጋዴው በአሥራ ስምንት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ እጥፍ ይሆናሉ። ሚስቴን በወሬ አታስፈራሪብኝ፤ ሂጂ።»

ሚስቱ በጣሳው የያዘችውን መኖ ሳትበትነው ወደ ጆንያው መለሰችው፤ እታለም አይታታለች።

ወደ ዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤትም ሄዳ ነበር። ጸሐፊዋ ባለሙያው ሥልጠና ላይ ስለሆነ ጥያቄዋን በማመልከቻ እንድታስገባ ነገረቻት። አስገባች። ወደቡ ላይ ለአጥማጆቹም ተናገረች፤ ከፊሉ አንገቱን ነቀነቀ፣ ከፊሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሁሉም ከላይ የተከማቸውን ዓሣ በጆንያ እያፈሱ ነበርና ጥጋብ በጥጋብ ሆነዋል፤ በጥጋብ ቀን መርዶ ማን ይሰማል።

ሰረዙ አምስት ሜትር ላይ ደረሰ። ቀጥሎ አራት ተኩል። እታለም እህል አልበላ አላት። በየጠዋቱ ወጥታ ቁጥሩን ታያለች፤ ለማንም ሳትናገር ትመለሳለች። ከወንድሟ ጋር ተኮራርፈዋል። ሲያልፉ እጅ ይነሳሳሉ፤ ከዚያ ያለፈ የለም።

አንድ ጠዋት በራሷ ደጅ ላይ ቆማ ሳለች የቀኝ ጉንጯ ቀዘቀዘ። ነፋስ። ከሰሜን በኩል ሰማዩ እንደ እርሳስ ጠቁሮ መጥቷል፤ ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ ሁሉ ባንድ ጎን ተንሳፈፈ። ጫማዋን ሳታስር ወደ ወደቡ ሮጠች። በረቶቹ ጋ ስትደርስ የወንድሟ ሚስት ማዕቀፉ ላይ ብቻዋን ቆማ አገኘቻት።

«የት ሄደ?»

«ከተማ። ነጋዴው ዘንድ።» ሴትዮዋ ዓይኗን ከውሃው አልነቀለችም። «እትዬ፣ ዛሬ መኖ አልበሉም። ብሰጣቸው ዘወር ብለው አላዩትም። ያልሽው ነገር ነው?»

«ነው።»

«ምን ይደረግ?»

እታለም ይህን ስታስብበት ሰንብታለች። በረቶቹ ይንሳፈፋሉ፤ የያዛቸው የድንጋይ መልህቅ ብቻ ነው። ወንዙ ሐይቁ ውስጥ በሚገባበት በኩል ውሃው ጥልቀት የለውም፣ ይፈስሳል፣ ያ ሰረዝም እዚያ ደርሶ አያውቅም። «መረቡን ከሥሩ ሰብስበን ማዕቀፉ ላይ ካሰርነው ወንዙ አፍ ድረስ እጎትተዋለሁ። አንድ አንድ እያልኩ። ሁሉንም ግን አንደርስም። ባልሽም ይቆጣል።»

ሴትዮዋ ከወገቧ ቢላዋ አወጣች። «ይቆጣ» አለችና የመጀመሪያውን የመልህቅ ገመድ ቆረጠችው።

በረት በጀልባ መጎተት ቤት በእጅ እንደመግፋት ነው። ሞተሩ ያጓራል፤ ዳርቻው ግን ካለበት አይንቀሳቀስም። ቢፈጥኑ ዓሣው መረቡ ላይ ይለጠፋል። እታለም አንድ እጇን መሪው ላይ፣ አንድ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ሰረዙ ዝቅ ባለበት ባለበት መንገድ እየመረጠች ነዳች። የመጀመሪያው በረት ወንዙ አፍ ለመድረስ ከአርባ ደቂቃ በላይ ወሰደባቸው። ሁለተኛውን ሲያመጡ ማዕበል ተነስቶ ውሃው ጀልባዋ ውስጥ ይረጭ ነበር፤ የወንድሟ ሚስት በጣሳ እየቀዳች ታፈስሳለች። ለሦስተኛው ሲመለሱ ባቡሩ ዳር ላይ ደርሶ አዩት።

«ምን እየሠራችሁ ነው? አብዳችኋል? ማን ፈቀደ!» እየጮኸ ከነልብሱ ውሃው ውስጥ ገባና እየዋኘ ሄዶ በረቶቹ ላይ ወጣ። ሚስቱን እጇን ያዛት። «ቢላዋውን ስጪኝ!»

«ወደ ታች እይ» አለችው።

አየ። ውሃው አረንጓዴነቱን ትቶ የታጠበ ጭቃ መስሏል። ከታች ጥቁር ነገር እንደ ጢስ እየተጥመለመለ ይወጣል፤ ያ ሽታ አፍንጫ እስኪያቃጥል ድረስ ሸተተ። ዓሦቹ ወደ ማዕቀፉ ጥግ ተጋፍተው አፋቸውን ወደ ሰማይ ከፍተዋል። አንዱ ጎኑን ሰጠ። ሌላው ነጭ ሆዱን ገለበጠ።

ባቡሩ እጇን ለቀቃት። ከዚያ የሦስተኛውን በረት መረብ ከሥሩ መሰብሰብ ጀመረ፤ ጥፍሩ እስኪደማ ሳበ። አሰሩት፣ ጎተቱት። እሱ ማዕቀፉ ላይ ተንበርክኮ ውሃውን በእጁ ይመታል፤ አየር ላስገባላቸው ብሎ ይሁን ሌላ አይታወቅም። መንገዱን አጋምሰው ነበር። ከበረቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ሆድ ብቻ ሲሆን እታለም ሞተሩን ቀዘቀዝ አደረገችው።

«አታቁሚ!» አላት።

«ወንድሜ…»

«አታቁሚ አልኩሽ! አንድ ሁለት ይንቀሳቀሳሉ፤ ይኸው፣ ይኸው!»

«ማዕበሉ ነው የሚያንቀሳቅሳቸው» አለች። ራሷን እያዞራት ነበር፤ ሽታው ጉሮሮዋ ላይ ተቀምጧል። «ልቀቀው። ሚስትህ ማስመለስ ጀምራለች። ልቀቀው፣ ወደ ነፋሱ ልውሰዳችሁ።»

ገመዱን ፈታ። ነፋሱ በረቱን እያሽከረከረ ወሰደው።

ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ዳር ሁሉ በዓሣ ነጣ። የበረት ዓሣ ብቻ አልነበረም፤ ትልቁም ትንሹም፣ ከብዙ ዓመት ወዲህ ሰው ያላየው ክንድ የሚያህል ሳይቀር። አጥማጆቹ ዳር ላይ ቆመው ያያሉ።  «ነግሬያችሁ ነበር» ማለት ለእታለም ቀላል ነበር፤ ቃሉ ግን አፏ ላይ እንኳ አልመጣም።

አራት ቀን ሙሉ በአካፋ ቀበሩ። ባቡሩ አጠገቧ ቆፈረ። በሦስተኛው ቀን ጎኑን እንደያዘ «ለምን ፀጉሬን ይዘሽ አልጎተትሽኝም?» አላት።

«ባቡር በፀጉሩ ተጎትቶ ያውቃል?»

ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ፊቱ እንቢ አለው። አካፋውን ጣለና ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሚስቱ መጥታ ውሃ ሰጠችው፤ ሲጨርስ አካፋውን አንስታ መልሳ ሰጠችው።

ሁለቱ በረቶች ወንዙ አፍ ላይ ተረፉ። ሐይቁ ግን ያን ዓመት አጥማጅ አላበላም። ግማሹ ወደ ግንባታ ሥራ ተበተነ። እታለም በጀልባዋ አሸዋና ሰው አመላለሰች። የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ከሥልጠና ተመልሶ መጣ፣ ውሃ በጠርሙስ ቀዳ፣ ማመልከቻዋ እንደደረሰም ነገራት። ሽማግሌውን መካኒክ፣ ያ ሰረዝ በሚቀጥለው ሙቀት ተመልሶ ይመጣ እንደሆን ስትጠይቃቸው «እኔ እንጃ፣ ልጄ» አሏት። «የተቀበረው ከላይ የነበረው ነው፤ ከታች ያለውን ማን ቆፍሮ አወጣው?»

በሚቀጥለው ዓመት ሙቀቱ መጣ፤ ነፋሱም ጠፋ። ሐይቁ ረግቶ ለሁለት ሳምንት እንደተኛ ባቡሩ በማለዳ ደጇ ላይ ቆመ። «ስንት ይላል?»

«ስድስት። ትናንት ስድስት ተኩል ነበር።»

«ዓሦቹን እናውጣቸው።»

«ወንዙ አፍ ላይ እኮ ምንም አይነካቸውም ይሆናል። ገና መዳፍም አልሞሉም።»

«አውቃለሁ» አለ።

አወጧቸው። በሳምንቱ ነፋስ ነፈሰ፤ ሐይቁ ትንሽ ተንገዳግዶ ተረጋጋ፤ አንድም ዓሣ አልሞተም። ነጋዴው መኪናው ላይ ሆኖ ሣጥኖቹን ሲያይ ሳቀባቸው። «ይሄ ዓሣ ነው ወይስ የዓሣ ሥዕል? ምን አስቸኮላችሁ? ሁለት ወር ብትታገሡ ኖሮ!»

የወንድሟ ሚስት ቀና ብላ ባሏን አየችው። እታለምም አየችው። ባቡሩ ጎንበስ ብሎ የሚቀጥለውን ሣጥን አነሳና፣ ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይጣደፍ፣ መኪናው ላይ ጫነው።